የደፈረሰ የኋላ መስኮት፦ የሸራ ጣሪያ መኪና ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የሸራ ጣሪያ ያላቸውን መኪኖች መጠገን ሥራዬ ነው። ያስቸገራችሁን ነገር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ሰው የጠየቀው ስለ ኋላው የፕላስቲክ መስኮት ነው። ብርዱ አልፎ ሰው ጣሪያውን መክፈት ሲጀምር ሁሌም እንዲህ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ሰላም ወንድሜ። የ1994 (እ.ኤ.አ.) ማዝዳ ሚያታ ገዛሁ። የኋላው ፕላስቲክ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ይጠራል ወይስ ልቀይረው? (ከሜሪላንድ)

እንኳን ደስ አለህ፣ ጥሩ መኪና ነው። ፖሊሽ ከመግዛትህ በፊት ፕላስቲኩን በንጹህ ውሃ አርጥበውና አሻግረህ እይ። ሲረጥብ ጥርት ካለ ችግሩ ላዩ ላይ ነው። ውሃው ጥቃቅኖቹን ጭረቶች ሞልቶልሃል ማለት ነው። እንዲህ ያለው በፖሊሽ ይመለሳል። ረጥቦም እንደደፈረሰ ከቀረ ግን የተበላሸው ውስጡ ነው። ሙከራውን ከውጭም ከውስጥም በኩል አድርገው።

ምክንያቱን ልንገርህ። ይህ መስኮት የሚሠራው ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ፣ ከለስላሳው ዓይነት ነው። ፒቪሲ ብቻውን ደረቅ ነገር ነው፤ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው የተጨመረበት ማለስለሻ ኬሚካል ነው። ሙቀቱ ማለስለሻውን ከዓመት ዓመት እያወጣ ይጨርሰዋል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ፕላስቲኩን ራሱን ይጎዳዋል። ያኔ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ፖሊሽ የወጣውን አይመልስም። ፖሊሽ ላዩን በጣም በስሱ ልጦ ያስተካክላል፣ በቃ። ስለዚህ መስኮቱን ሳያይ "እንደ አዲስ አደርገዋለሁ" የሚል ሰው ካጋጠመህ ገንዘብህን አትስጠው።

ረጥቦ ሲታይ ጠራ! እንዴት ልሥራው? (ያው ሰው፣ በማግስቱ)

ጣሪያውን ዝጋና ቆልፈው፤ ፕላስቲኩ ተወጥሮ ይቁም። ጥላ ውስጥ ሥራ። ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስስበት፤ አቧራው ሳይታሽ ይውረድ። ከዚያ በመኪና ሻምፖ በባዶ እጅህ እጠበው። በእጅ የምልህ የቀረ አሸዋ ካለ ወዲያው ስለሚሰማህ ነው። አድርቀው፣ ዙሪያውን ሸራውና ስፌቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፍበት። ነጭ ፖሊሽ ጥቁር ሸራ ውስጥ ከገባ ማስለቀቁ ፈተና ነው።

ለአብዛኛው ሰው ኖቨስ ቁጥር 2 ወይም የሜጓየርስ ፕላስትኤክስ የሚባለው የፕላስቲክ ፖሊሽ ይበቃል። ኖቨስ ቁጥር 3 ለከባድ ጭረት ነው። እሱን ከተጠቀምክ የግድ በቁጥር 2 ማለስለስ አለብህ፤ ያለበለዚያ ሌላ ጭጋግ ጥሎብህ ይሄዳል። ቁጥር 1 ማጽጃና ማብረቂያ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለውን ልንገርህ፦ ረዳት ያስፈልግሃል። አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ የታጠፈ ፎጣ ይዞ ከጀርባ ይደግፍልህ። ድጋፍ ከሌለው ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ግፊትህ እኩል አይሆንም፣ ስፌቱም ይጎተታል። ትንሽ ፖሊሽ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ይዘህ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ እሽ። ጨርቁ ሲቆሽሽ ገልብጠው። ካልጠራ ድገመው፤ ኃይል አትጨምር።

ውጭውን ስትጨርስ ወደ ውስጥ ግባ። የውስጡ ጭጋግ ብዙ ጊዜ መኪናው ሲሞቅ ከዳሽቦርዱ የሚወጣ ትነት የጣለው ስስ ቅባት ነው። ሲጋራ የተጨሰበት መኪና ደግሞ ይብሳል። መጨረሻ ላይ 303 የሚባለውን የአልትራቫዮሌት መከላከያ ቀባው። እኔ መከላከያውን ከፖሊሹ እኩል ነው የማየው። እሱ ከሌለ ድካምህ ብዙ አይቆይም።

በጥርስ ሳሙና ይሠራል ይባላል። እውነት ነው?

ቀላል ጭጋግን ይቀንሳል። ውስጡ በስሱ የሚፍቅ ነገር ስላለ ነው። ግን ሻካራነቱ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ይለያያል። ለፕላስቲክ የተሠራ ፖሊሽ እያለ አልመክርም።

የፊት መብራት ማጥሪያ ኪት አለኝ፣ ከነብርጭቆ ወረቀቱና ከነማሽኑ። ልጠቀምበት? (ከዳላስ)

ተው ወንድሜ። የፊት መብራት ሽፋን ፖሊካርቦኔት ነው፤ ደረቅና ጠንካራ ነው፣ ብርጭቆ ወረቀት ይችላል። የአንተ መስኮት ለስላሳ ነው። ብርጭቆ ወረቀት የማይወጣ ጭረት ይጥልበታል። ማሽኑ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆየ ያሞቀዋል፣ ፕላስቲኩም ይጣመማል። ይህን በእጅ ሥራው።

ልጄ፣ እኔ ሁልጊዜ በቤት መስታወት ማጽጃ ነው የምወለውለው። ቢሆንም እየባሰበት ሄደ። (ከሎስ አንጀለስ፣ አንድ አባት)

አባቴ፣ ማጽጃዎ አሞኒያ ወይም አልኮል ካለበት የሚያበላሸው እሱ ነው። ሁለቱም ይጎዱታል፤ ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ይደፈርሳል። ከዛሬ ጀምረው ይተዉት። ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዎታል። በወረቀት ፎጣም አይጥረጉት፣ ይጭረዋል። ደረቅ አቧራ በጨርቅ መጥረግም ያው ነው።

የትንኝ መከላከያ ስፕሬይ ሲነፋበት ወዲያው የጠራበት ቪዲዮ አየሁ።

እኔም አይቻለሁ፣ ያናድደኛል። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ዲት የሚባል ኬሚካል ፕላስቲክ ያሟሟል። ላዩ ስለቀለጠ ለጊዜው ያበራል። ከዚያ ይጣበቃል፣ ይሰነጠቃል። ቪዲዮው የሚያልቀው ከዚያ በፊት ነው።

ጠዋት ጠዋት ነጭ ይሆናል፣ ከሰዓት ይጠራል። ምን ጉድ ነው? (ከሲያትል)

አይዞሽ እህቴ፣ ይህ ቀላሉ ነው። ፒቪሲ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲበዛበት ትንሽ ውሃ ይይዛል፣ ነጭ ይላል። ሲሞቅና ሲደርቅ ይለቃል። ፖሊሽ አትንኪበት። ጣሪያውን ግን እርጥብ እያለ አጥፈሽ አታስቀምጪው።

የፖርሽ ቦክስተሬ መስኮት መሃሉ ላይ የመታጠፊያ መስመር አወጣ። ፖሊሽ ያጠፋዋል? (ከአትላንታ)

አያጠፋውም። የመታጠፊያ ስብራት ውፍረቱን ሁሉ ይዞ የሚሄድ ነው። ዙሪያውን ያለው ጭጋግ ሲጠራ እንዲያውም መስመሩ ጎልቶ ይታያል። ግን እንዳይሰፋ ማድረግ ትችላለህ። ጣሪያውን ስትከፍት ግማሽ ላይ አቁመው፣ ውረድና መስኮቱ ያለ ስብራት ክብ ሆኖ እንዲታጠፍ በእጅህ አግዘው። እጥፉ ውስጥ ለስላሳ ፎጣ አስገባበት። ቦክስተር ከ2003 ሞዴል ጀምሮ የመስታወት መስኮት ያገኘው ይህ ችግር ስለነበረ ይመስለኛል። ሆንዳ ኤስ2000ም ከ2002 ሞዴል ጀምሮ ወደ መስታወት ዞሯል።

በብርድ ጣሪያውን ብከፍት ችግር አለው? (ከሚኒያፖሊስ)

በጣም አለው! ፒቪሲ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ስታጥፈው ይሰበራል። ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ አትንካው። የግድ ከሆነ መጀመሪያ መኪናውን ውስጡን አሙቀው። የመጀመሪያው ትውልድ (ከ1998 በፊት የነበረው) ሚያታ ያላችሁ ደግሞ በሙቀትም ቢሆን የመስኮቱን ዚፕ ፍቱና መስኮቱን ዘርግታችሁ አስተኙት፤ ጣሪያውን ከዚያ በኋላ አጥፉ። ዚፑ የተሠራው ለዚሁ ነው።

ጂፕ ራንግለር አለኝ። የእኔም እንደዚያው ነው የሚሠራው?

የእርስዎ ይቀላል። መስኮቶቹ ስለሚወልቁ ጠረጴዛ ላይ ለስላሳ ብርድ ልብስ አንጥፈው ይሥሩ፤ ረዳትም አያስፈልግዎትም። ሲያስቀምጧቸው ዘርግተው፣ በመካከላቸው ጨርቅ አድርገው ያስቀምጡ።

ባጃጅ ነው የምሠራው። የኋላው ላስቲክ ቢጫ ሆኖ ምንም አያሳይም። ለዚህ ይሆናል? (ከሀዋሳ)

ለዚህ ጥያቄ አመሰግናለሁ፤ ያንተ ከሁሉም በላይ የሥራ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ላስቲኩ ያው ለስላሳ ፒቪሲ ነው። ቢጫ ከሆነ ግን ውስጡ አልቋል፣ ፖሊሽ ላይ ገንዘብ አታጥፋ። የባጃጅ ሸራ ለሚሰፋ ባለሙያ ስጠውና አዲስ ያስገባልህ። አዲሱን ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ውሃ አፍስስበት፣ ከዚያ እጠበው። ቤንዚን በነካ ጨርቅ ፈጽሞ አትጥረገው። ሰው ሲጠብቅህም ጥላ ፈልገህ አቁም፤ አገራችን ከፍታ ስለሆነ የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል።

መቀየር ካለብኝ ሙሉ ጣሪያ ነው ወይስ መስኮቱን ብቻ? መስታወት ማድረግስ ይቻላል?

ሸራውን እይ። ሸራው ጤነኛ ከሆነ፣ ካልተቀደደና ካላፈሰሰ፣ የመኪና ወንበርና ጣሪያ የሚሰፋ ባለሙያ አሮጌውን ፕላስቲክ ፈትቶ አዲስ መስፋት ይችላል። ወፍራሙን፣ 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን ጠይቀው። አዲሱን ስፌት ውሃ እንዳያስገባ እንዲደፍነውም ንገረው። አንዳንድ ጣሪያ ላይ ግን መስኮቱ በሙቀት የተጣበቀ ነው፤ እሱን ነጥሎ መቀየር ከባድ ነው። ሸራውም ካረጀ በአንድ ጊዜ ሙሉውን ቀይር፤ ለሥራው ሁለት ጊዜ አትከፍልም።

ለሚያታ ባለቤቶች መስታወት ይቻላል። ከ1998 ጀምሮ የመጣው ሁለተኛው ትውልድ የሚሞቅ የመስታወት መስኮት አለው፣ ጣሪያው ከነፍሬሙ በመጀመሪያው ላይ ይገጥማል። ማሞቂያው እንዲሠራ ግን ገመድ መዘርጋት ይኖርብሃል። በዝናብና በብርድ ከተማ በየቀኑ የምትነዳው ከሆነ እኔ መስታወቱን እመርጥልሃለሁ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚወጣ፣ ጋራዥ ውስጥ የሚያድር መኪና ከሆነ ግን ጥሩ ፕላስቲክ ይበቃዋል፣ ዚፑን ፈትቶ ጣሪያውን ሳይከፍቱ ንፋስ ማስገባትም የሚቻለው በእሱ ነው።