የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሪፖርት ከመጻፉ በፊት

ጥያቄ፦ በባሶና ወራና ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ውርጭ በገብስና በባቄላ ላይ ስላደረሰው ጉዳት በሦስት ሳምንት ውስጥ ሪፖርት እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ከየቀበሌው የመጣው ወረቀት ተከምሯል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወረቀቱን ለጊዜው ይተዉትና ያዘዙዎትን ኃላፊ አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ይህን ሪፖርት አንብቦ የሚወስነው ማን ነው? የሚወስነውስ ምንድን ነው? ጉዳዩ የምግብ እርዳታ ከሆነ የቤተሰብ ብዛትና የጠፋው እህል መጠን ይፈለጋል። ዘር ለማቅረብ ከሆነ በየሰብሉ ስንት ሄክታር እንደገና እንደሚዘራና ስንት ኩንታል ዘር እንደሚጎድል ነው። ለተመራማሪዎች ከሆነ ደግሞ ዝርያው፣ የተዘራበት ቀንና የማሳው አቀማመጥ ነው። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሪፖርቶች ናቸው። ሁሉንም ባንዴ ልያዝ ብሎ የወጣ ባለሙያ ለአንዱም የሚበቃ መረጃ ሳይዝ ይመለሳል። ስለዚህ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉትና ኃላፊው አይተው ይስማሙበት።

ቀጥሎ ባዶ ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ ቀበሌ፣ ሰብል፣ የተዘራ ሄክታር፣ የተጎዳ ሄክታር፣ ከተጎዳው ከመቶ ስንቱ እንደጠፋ፣ የተጎዱ አባወራዎችና እማወራዎች። በየዓምዱ ራስ ላይ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ያስፍሩ። ምንጭ ያጣው ዓምድ የመስክ ሥራዎ እሱ ነው። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር የማይጠቅመውን ደግሞ ሳይሳሱ ይሰርዙት።

አሁን ወረቀቱን ያንሡ። መጀመሪያ የሚያጣሩት መለኪያውን ነው። በብዙ ቦታ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይሰላል፤ ይሁን እንጂ ጥማድ እንደ በሬው፣ እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ስለሚለያይ ጥቂት ማሳዎችን በሜትር ለክቶ ማመሳከር የግድ ነው። «የተጎዳ» የሚለው ቃልም ያስቸግራል። አንዱ ቀበሌ ጨርሶ የጠፋውን ብቻ ሲቆጥር ሌላው ቅጠሉ የተለበለበውን ሁሉ ይቆጥራል፤ እነዚህ ከተደመሩ ድምሩ ትርጉም የለውም። ከሩብ በታች፣ ከሩብ እስከ ግማሽ፣ ከግማሽ በላይ የሚል ደረጃ አውጥተው ቀበሌዎቹ በእሱ መሠረት እንደገና እንዲልኩ ያድርጉ።

የአየር ጠባይ መዝገብ ሲያዩ ይጠንቀቁ። የጣቢያው ቴርሞሜትር ከመሬት ከፍ ብሎ በመጠለያ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ሳጥኑ ውስጥ 2 ወይም 3 ዲግሪ ሲያነብ ሰብሉ ላይ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። «መዝገቡ ከዜሮ በታች ስላላሳየ ውርጭ አልነበረም» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። መዝገቡ በአውሮፓውያን ቀን ከሆነም ቀኑን ይቀይሩ፤ ኖቬምበር 1 በአብዛኛው ጥቅምት 22 ነው፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ማግሥት ባለው ዓመት ግን ጥቅምት 21 ይሆናል።

መስክ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ተረተሩ ተርፎ ሜዳው የሚመታው ለዚህ ነው። በየቀበሌው ከረባዳ፣ ከተዳፋትና ከተረተር ማሳ ይምረጡ፤ በእያንዳንዱ ማሳ ሦስት ቦታ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለክተው የተጎዳውንና ጤነኛውን ዛላ ይቁጠሩ። ገብስ በአበባ ወይም በወተት ደረጃው ከተመታ ቆሞ ያማረ ይመስላል፣ ዛላው ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ከመንገድ ላይ ሆኖ መገመት አይቻልም፤ ዛላውን ፈልቅቀው ይዩ። ይህ ሁሉ ከአጨዳ በፊት ካልተሠራ ማስረጃው ከማሳው ጋር ይሄዳል።

ሦስቱ ሳምንት አሥራ አምስት የሥራ ቀን ነው። ሁለቱ ለዕቅድና ለሠንጠረዥ፣ ሦስቱ ለተከመረው ወረቀት፣ አምስቱ ለመስክ፣ አንዱ ለማመሳከር፣ ሦስቱ ለጽሑፍ፣ የመጨረሻው ለኃላፊው አስተያየት ይበቃል። የመስኩን ቀን ለማሳጠር አይሞክሩ፤ ማጠር ካለበት ጽሑፉ ይጠር።

ጥያቄ፦ እነዋሪ አካባቢ በሦስት ቀበሌዎች ስለ ጥቁር አፈር ማንጠፍጠፍ፣ ማለትም የተኛበትን ውሃ ስለ ማስወገድ፣ የመመረቂያ ጥናት ልሠራ ነው። ስንት ገበሬ ልጠይቅ?

መልስ፦ የተለመደው ቀመር የሕዝቡን ብዛት ለ«አንድ ሲደመር ብዛቱ ሲባዛ በስሕተት ልኩ ካሬ» ማካፈል ነው፤ የስሕተት ልክ ማለት ከናሙናው የሚገኘው ውጤት ከእውነተኛው እንዲርቅ የሚፈቀድለት መጠን ነው፣ 5 ከመቶ በቀመሩ ውስጥ 0.05 ተብሎ ይገባል። በሦስቱ ቀበሌዎች 1,200 አባወራና እማወራ ቢኖርና የስሕተት ልኩ 5 ከመቶ ቢሆን ውጤቱ 300 ይመጣል። በ7 ከመቶ 175 ይበቃል። ቀበሌዎቹ 500፣ 400 እና 300 ከሆኑ ሦስት መቶው 125፣ 100 እና 75 ሆኖ ይከፈላል። ከዚያ አቅምዎን ያስሉ፤ አንድ ጠያቂ በቀን ስድስት ሰው ቢያነጋግር 300 ሰው የሃምሳ ቀን ሥራ ነው። ይህን ሳያስሉ የተነሡ ተማሪዎች መጨረሻ ላይ ቅጹን እቤት ቁጭ ብለው ወደ መሙላት ይገባሉ፤ ያ ጥናት አይደለም። ይልቅ ቁጥሩን ከአማካሪዎ ጋር አስቀድመው ይቀንሱት።

ተጠያቂዎቹን የቀበሌ ሰው እንዲመርጥልዎ አይፍቀዱ፤ ለስብሰባ ቶሎ የሚመጡትንና ሞዴል አርሶ አደሮችን ይሰጥዎታል። 1,200 ለ300 ሲካፈል አራት ስለሆነ፣ ከአባወራና እማወራ ዝርዝሩ ላይ ከአንድ እስከ አራት ባለው አንዱን ቁጥር በዕጣ ያውጡና ከዚያ በየአራተኛው ይውሰዱ። ገበያ በሚውልበት ቀን አይሂዱ። በሚካኤል፣ በማርያምና በመድኃኔዓለም ዕለት ግን ማረስ ስለሌለ ገበሬው ይገኛል፤ ከቅዳሴ መልስ ማኅበር ከመግባቱ በፊት ያለችው ሰዓት ጥሩ ናት። ቅጹን ደግሞ አስቀድመው ከጥናቱ ውጪ ባለ ቀበሌ በአሥር ሰው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው የምጽፈው። ለሪፖርቴ የፈለግሁት የሰሜን ሸዋ የማሽላ ምርት ከሁለት ቦታ ሁለት የማይቀራረብ ቁጥር አመጣልኝ። የትኛውን ልውሰድ?

መልስ፦ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራም በኦሮሚያም አለ፤ የአንዱ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን፣ የሌላው ፍቼ ነው። ከሠንጠረዡ ላይ ክልሉን ሳያዩ ቁጥር አይገልብጡ። ሁለተኛው ዓመቱ ነው። በግብርና ቢሮ ወረቀት «2013/14 የምርት ዘመን» ሲባል በ2013 ክረምት መግቢያ ተዘርቶ በ2014 የታጨደው ነው፤ በአውሮፓውያን 2021/22 ማለት ነው። በአውሮፓውያን 2013/14 የተባለ ሠንጠረዥ ግን የእኛ 2006 ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ስምንት ዓመት ያዛባል። ክልሉና ዓመቱ ከተገናኙ በኋላም ቁጥሩ ካልተቀራረበ ልዩነቱ ከአሠራሩ ነው፦ የስታቲስቲክስ አገልግሎት ናሙና ወስዶ ይገምታል፣ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከቀበሌ የመጣውን ይደምራሉ። አማካይ አያውጡ። ለዕቅድዎ የሚስማማውን ይዘው፣ ሌላውን ከነምንጩ ከሥሩ ያስቀምጡ። ለሕዝብ ብዛትም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ መሆኑን ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፉ።