የጓሮ ዕቃ ቤት መሠረት፦ ክረምት ሳይገባ ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ውስጥ ለዓመታት ግንበኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰሞኑን የጓሮ ዕቃ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሁሉ ስለ መሠረቱ ይጠይቀኛል። ሰኔ ሳይገባ እዚሁ እንጨርሰው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዓባይ ማዶ ነኝ። 2 በ3 ሜትር የቆርቆሮ ቤት ነው የማቆመው። መሬቱ ደርቆ ድንጋይ መስሏል። ዝም ብዬ ሊሾ ባደርገውስ?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ አፈሩ ጥቁር ነው? ከሆነ እንዳትሞክረው። ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ከተጠራጠርህ አንድ እፍኝ አርጥበህ በመዳፍህ አሽከርክረው። እንደ ገመድ ቀጥኖ ካልተበጠሰ ያው እሱ ነው።

ቢያንስ 50 ሴንቲ ቆፍረህ አውጣው። በቦታው ገረጋንቲ (ጠጠር የተቀላቀለበት የሙሌት አፈር) ሙላ፣ ግን በየ15 ሴንቲው ውኃ እያርከፈከፍህ ጠቅጥቀው። እኔ የራሴን ዕቃ ቤት ስሠራ ቸኩዬ ባንዴ ሞላሁት። ላዩ ጠነከረ፣ ታቹ ልል ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው ክረምት ወለሉ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ፣ በሩም አልዘጋ አለ።

ሌላው፣ ጥቁር አፈር ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ እንደ ገንዳ ውኃ ይይዛል። ከዝቅተኛው ጥግ ማፋሰሻ ቦይ አውጣለት። ከገረጋንቲው በላይ 20 ሴንቲ ድንጋይ ደርድር፣ ክፍተቱን በጠጠር ሙላ፣ ላስቲክ አንጥፍ፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ኮንክሪት። ወለሉ ከጓሮው መሬት ቢያንስ 20 ሴንቲ ከፍ ይበል።

ጥያቄ፦ ለዚህ ስፋት ስንት ሲሚንቶ ይበቃል?

መልስ፦ 50 ኪሎው ከረጢት 4 ይበቃል። 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 4 ጠጠር። ውኃ አታብዛ። ሲጠነክር ጆንያ አልብሰህ 7 ቀን አርጥበው።

ጥያቄ፦ ማዕዘኑ መስተካከሉንስ በምን ላውቅ?

መልስ፦ ሲባጎ ወጥረህ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ ለካ። እኩል መሆን አለባቸው። ለ2 በ3 እያንዳንዱ 3 ሜትር ከ60 ገደማ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ቦታዬ ሐይቁ ዳር ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ብተክል ምን ትላለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰኔ ላይ ደረቅ ሆኖ ያየሽው ቦታ እንዳያታልልሽ። ጣና በጣም የሚሞላው ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ውኃው እስከየት እንደሚደርስ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቂ፣ ከዚያ በላይ ሥሪ። ቋሚውን መሬት ውስጥ አትቅበሪው፤ ካልበሰበሰ ምስጥ ይበላዋል። ከመሬት 30 ሴንቲ ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ በየማዕዘኑ ሠርተሽ፣ ግንቡ ውስጥ በተቀበረ ፌሮ እሰሪው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዘጌ ነኝ። ቡና ላስቀምጥበት ነው፣ ሲሚንቶ ወለል ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም እማማ። ከወለሉ በላይ የእንጨት ርብራብ ያድርጉበት። ጆንያው ከወለሉም ከግድግዳውም አይንካ፤ እርጥበት ይስባል።

ጥያቄ፦ ብር አጥሮኛል። ከምኑ ልቀንስ?

መልስ፦ ዶማና አካፋ ብቻ ከሆነ የምታስቀምጥበት ኮንክሪቱን ተወው፤ የተጠቀጠቀ ጠጠር ይበቃሃል። ከጥቅጠቃው ግን አንድ ዙር እንኳ እንዳትቀንስ። ክዳኑንም 40 ሴንቲ ወደ ውጭ አስወጣው፣ ጠፈጠፉ መሠረቱ ላይ እንዳይወርድ።