የየትኛው «ደህንነት» ፖሊሲ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። ደንበኞች «ማመልከቻውን በቻትጂፒቲ አሳምሪልን» ይሉኛል፤ የጠየቁትን በጽሑፍ የሚመልሰውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ማለታቸው ነው። የአጠቃቀም ደንቡን ወደ አማርኛ አስተርጉሜ ሳነብ «የደህንነት ፖሊሲ» ይላል። እናቴ ሰምታ «አንቺ ከደህንነት ጋር ምን አገናኘሽ?» ብላ ደነገጠች። የማን ደህንነት ነው? «ደንብ» ሲባልስ ሕግ ነው?

መልስ፦ ድሬ አንቱታ ስለማይወድ አንቺ ልበልሽ። እናትሽ አልተሳሳተችም። በከተማ አማርኛ «እሱ እኮ ደኅንነት ነው» ከተባለ የስለላ ሠራተኛ ነው ማለት ነው። ቃሉ ግን ከግእዙ «ድኅነ» የመጣ ነው፤ ዳነ፣ ከክፉ ተረፈ ማለት ነው። ደኅና፣ መድኃኒት፣ መድን ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ለዚህ ነው እኔ በ«ኅ» የምጽፈው።

ችግሩ እንግሊዝኛው «ሴፍቲ» እና «ሴኩሪቲ» ብሎ የሚለያቸውን ሁለት ነገሮች አማርኛው በአንድ ቃል መጠቅለሉ ነው። ሴፍቲው ቻትጂፒቲው ሰው እንዳይጎዳ ነው፦ ቦምብ አሠራር ቢጠየቅ እንዳያስረዳ፣ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበን ሰው እንዳይገፋፋ፣ ሕፃናትን የሚጎዳ ነገር እንዳያዘጋጅ። ሴኩሪቲው ቁልፉ ነው፤ አካውንትሽና የይለፍ ቃልሽ እንዳይሰረቅ። የመጀመሪያውን «ጉዳት መከላከያ»፣ ሁለተኛውን «ጥበቃ» ብንላቸው እመርጣለሁ።

አንቺ የደንበኞችሽ ወረቀት ነገር ካሳሰበሽ ግን መልሱ ያለው «ግላዊነት» የሚለው ገጽ ላይ ነው። እዚያ «ይችላል» የምትለዋን ቃል እያሰመርሽባት አንብቢ። «የጻፉትን ሞዴላችንን ለማሠልጠን ልንጠቀምበት እንችላለን» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ታገኛለሽ፤ «ሞዴል» የሚሉት መልሱን የሚጽፍልሽን ፕሮግራም ነው። በእኛ አነጋገር «ነገ ልመጣ እችላለሁ» ያለ ሰው ላይመጣም ይችላል፣ ነገሩ ምናልባት ነው፤ በውል ቋንቋ ግን «እንችላለን» ማለት መብቱን ያዝን ማለት ነው፣ አንቺም «እስማማለሁ» የሚለውን ስትነኪ ፈቀድሽላቸው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህች ጋ ነው፣ በጣም ያሳስበኛል። ቻትጂፒቲ ላይ ይህን ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ይቻላል፤ አጥፊው። ያም ሆኖ ሰው የፍርድ ቤት ጉዳይና የመታወቂያ ቁጥር አምኖ ሲሰጥሽ፣ ስሙንና ቁጥሩን ባዶ ትተሽ አስጽፊና ሲመለስልሽ በእጅሽ ሙዪው።

ወደ «ደንብ» ልምጣ። በአገራችን አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤት፣ ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ የሚያወጡት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኩባንያ «ደንብ» ከነዚህ አንዱም አይደለም፤ ባንቺና በሱ መሃል ያለ ውል ነው። ብትጥሺው አካውንትሽን ሊዘጋ ይችላል፤ ይህም «ይችላል» ምናልባት አይደለም፣ መብት ነው። ስለዚህ «የአጠቃቀም ውል» ቢባል ትክክል ነበር። ለእናትሽም «ሰው እንዳይጎዳ የተጻፈ ነው» በያት።