ኡቡንቱ ስጭን ዋይፋዬ ጠፋ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁና ዊንዶውሱን አጥፍቼ ኡቡንቱ ጫንኩበት። ሁሉም ነገር አሪፍ ነው፣ ዋይፋይ ግን ጭራሽ የለም። ዊንዶውስ እያለ በደንብ ይሠራ ነበር። ጥገና ቤት ሳሳይ «የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ግዛ» አሉኝ። ብሩ የለኝም፣ ምን ይሻለኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ምንም አትግዛ። ትናንት ሲሠራ የነበረ ካርድ ልክ ኡቡንቱ በተጫነበት ቀን ተቃጠለ ማለት ይከብደኛል። እኔ የምጠረጥረው ድራይቨሩን፣ ማለትም ሲስተሙ ካርዱን የሚያዝበትን ፕሮግራም ነው።

መጀመሪያ የካርዱን ስም እንወቅ። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ክፈትና ኤልኤስፒሲአይ (lspci) ብለህ፣ አምስቱንም የእንግሊዝኛ ፊደል በትንንሹ አገጣጥመህ ጻፍና ኢንተር በል። ከሚወጣው ዝርዝር «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን መስመር ፈልግ። እዚያ ላይ የካርዱ ስም ካለ ኮምፒውተሩ አይቶታል፣ አልሞተም። «ብሮድኮም ቢሲኤም43142» ካለህ ደግሞ ችግሩን አገኘነው። ኩባንያው በ2010 እ.ኤ.አ. ለተወሰኑ ካርዶቹ ክፍት (ኮዱ ለሁሉም የተለቀቀ) የሊኑክስ ድራይቨር ለቆ ነበር፣ ኡቡንቱም የሊኑክስ ዓይነት ነው፣ ይህቺ ግን አልተካተተችም። የምትሠራው በዝግ ድራይቨር ነው፤ እሱን ደግሞ ኡቡንቱ ሳታዘው አይጭነውም።

ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ የለም። መፍትሔው ስልክህ ነው። አንድሮይድህን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝ፣ ዳታ አብራና ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ የሚያካፍለውን) ክፈት። ካልታየህ ገመዱን ቀይር፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ገመዶች አሉ። ኡቡንቱ ስልኩን እንደ ኬብል ኢንተርኔት ይቆጥረዋል። አፕዴት ልሥራ ካለህ ለጊዜው እምቢ በለው፣ ፓኬጅህን ይጨርስብሃል። ከዚያ «አዲሽናል ድራይቨርስ»ን ክፈት፣ የብሮድኮሙን ምረጥ፣ «አፕላይ ቼንጅስ» በል።

አሁን ልብ ብለህ አንብበኝ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነውና። ላፕቶፑ ላይ ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ሶፍትዌር ሲነሳ እንዳይገባ የሚከለክል ጥበቃ) ከበራ፣ ሲጭን አዲስ ፓስዎርድ አውጣ ይልሃል። ቢያንስ 8 ፊደል ይሁን፣ ወረቀት ላይም ጻፈው። ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ 10 ሰከንድ ብቻ ነው የሚጠብቅህ። ቶሎ አንድ ቁልፍ ንካ፣ «ኢንሮል ሞክ»ን ምረጥ፣ ቀጥሎ «ኮንቲኒው»፣ ከዚያ «የስ» በልና ያንን ፓስዎርድ አስገባ። ካመለጠህ ድራይቨሩ ተጭኖም አይነሳም፣ ሰዉም «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። እንዲያ ከሆነብህ ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ሴቲንግ) ገብተህ ሴኪዩር ቡትን አጥፋው፣ ይነሳል።

ሌላ ቀን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) አፕዴት አድርገህ ዋይፋዩ እንደገና ቢጠፋ ደግሞ አትደንግጥ። ሲነሳ ከግሩብ (ሲነሳ ከሚመጣው የመምረጫ ዝርዝር) «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ገብተህ የቀድሞውን ከርነል ምረጥና ሥራህን ቀጥል።