15 ታዝዞ 555 ተሰጠ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። እናቴ እንቅርቷ ሆርሞን ያበዛል ተብላ አዲስ አበባ ሄደች። እዚያ ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚባለውን መድኃኒት ውጣ መጣች። ሐኪሙ የጻፈው ማዘዣ «15 ሚሊኩሪ» ይላል። መድኃኒቱን በዋጠችበት ቀን የተሰጣት ወረቀት ደግሞ «555 ሜጋቤክሬል» ይላል። ታላቅ ወንድሜ በስልኩ 555ን ለ15 አካፈለና «37 እጥፍ ሰጥተዋታል!» ብሎ ቤቱን አመሰው። እናቴ ደንግጣ እህል አልቀምስም ብላለች። እውነት ከልክ በላይ ሰጥተዋት ይሆን? 555ስ ሲቨርት ወደሚባለው የጨረር መለኪያ ሲቀየር ስንት ይሆናል? ወንድሜ ስለ ሲቨርት አንብቦ እሱን ካላወቅሁ አላርፍም ብሏል።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽ እህል ይቅመሱ። የተሰጣቸው የታዘዘላቸው ነው። 15 ሚሊኩሪና 555 ሜጋቤክሬል አንድ መጠን ናቸው። ወንድምሽ የደረሰበት 37 የስህተት ምልክት አይደለም፤ መቀየሪያው ራሱ ነው። 1 ሚሊኩሪ 37 ሜጋቤክሬል ነው። 15ን በ37 አባዢው፣ 555 ይመጣል። ልጁ ሳያውቀው ሒሳቡን ጨርሶታል።

37 ከየት መጣ? ኩሪ የቆየው መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ሲወጣ መነሻው አንድ ግራም ራዲየም ነበር። በአንድ ግራም ራዲየም ውስጥ በየሰከንዱ 37 ቢሊዮን ያህል አቶሞች ይፈርሳሉ። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ቤክሬል መጣ። እሱ ቀላል ነው፤ በሰከንድ አንድ አቶም ከፈረሰ 1 ቤክሬል ነው። ስለዚህ ቤክሬል በጣም ትንሽ፣ ኩሪ በጣም ትልቅ ነው። በቤክሬል የተጻፈ ቁጥር ሁሌም ገዝፎ የሚታየው ለዚህ ነው። አንድ ጎልማሳ ምንም መድኃኒት ሳይወስድ፣ በሰውነቱ ባለው ፖታሲየም ብቻ 4000 ቤክሬል ገደማ ይዞ ይዞራል። ይህን ለወንድምሽ ንገሪው።

ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼን አጥብቄ የማስጠነቅቃቸው ከ37ቱ ይልቅ ስለ ፊደሏ ነበር። ወረቀቱን አንሺና ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችውን የላቲን ኤም ተመልከቺ። ትንሿ ኤም ሚሊ ናት፣ አንድ ሺህኛ። ትልቋ ኤም ሜጋ ናት፣ አንድ ሚሊዮን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቢሊዮን እጥፍ ነው። ማዘዣው ላይ ትንሿ፣ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ትልቋ መሆን አለባት። ሚሊኩሪና ማይክሮኩሪም እንዲሁ ሺህ እጥፍ ይራራቃሉ። በጥድፊያ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ላይ ይህቺ ፊደል አልለይ ካለች መገመት አያስፈልግም፤ ደውሎ መጠየቅ ነው። ሐኪምን መጠየቅ ነውር የሚመስለው ሰው አለ። ነውር አይደለም፣ መብት ነው።

ሌላም ነገር እዩ፦ ቀኑን። 555 የዋጡበት ቀን ቁጥር ነው። እናትሽ የዋጡት አዮዲን፣ አዮዲን 131 የሚባለው፣ በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። በ8ኛው ቀን 277 ገደማ፣ በ16ኛው 139 ገደማ ይሆናል። በ80ኛው ቀን የሚቀረው ግማሽ ሜጋቤክሬል አካባቢ ነው። ይህ እንግዲህ በሽንት የሚወጣውን ሳንቆጥር ነው፤ በሽንት ደግሞ ብዙ ይወጣል።

አሁን ወደ ሲቨርቱ። ወንድምሽን ላስቀይመው ነው፤ 555 ሜጋቤክሬል እንዲሁ ወደ ሲቨርት አይቀየርም። ቤክሬል የሚለካው መድኃኒቱን ነው፣ በሰከንድ ስንት አቶም እንደሚፈርስ። ሲቨርት የሚለካው ጨረሩ በሰው ላይ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ መጠየቅ አለብን። ንጥረ ነገሩ ምንድን ነው? ተውጧል ወይስ ውጭ ነው? የትኛው የሰውነት ክፍል ውስጥ ተከማቸ? ለስንት ጊዜ? በእናትሽ ዘንድ መድኃኒቱ ሆነ ተብሎ እንቅርቱ ላይ ይሰበሰባል፤ ሥራውም የበዛውን ሕዋስ ማጥፋት ነው። እንቅርቱ ላይ የሚያርፈው መጠን በግሬይ፣ ማለትም በአንድ ኪሎ አካል ላይ ባረፈው የጨረር ጉልበት ነው የሚሰላው፤ እንደ እንቅርቱ ትልቅነትና መድኃኒቱን እንደ መሳቡ ከሰው ሰው ይለያያል። ኢንተርኔት ላይ ምንም ሳይጠይቅ ቤክሬልን ወደ ሲቨርት እቀይራለሁ የሚል ገጽ ካገኘ ይዝጋው።

ወንድምሽ ከቁጥሩ ይልቅ ለቤቱ ቢጨነቅ ደስ ይለኛል። በእኛ አገር ታሞ የመጣ ሰው ብቻውን አይተውም። ጎረቤቱ «እንኳን ማረሽ» እያለ ይስማል፣ የልጅ ልጅ እቅፍ ውስጥ ይገባል፣ በአንድ ማዕድ ይበላል፣ ጉርሻው አይቀርም። አዮዲን በምራቅ ይወጣል። ስለዚህ ሆስፒታሉ ተጠንቀቁ ብሎ በጻፈው ቀን ልክ ጉርሻውም፣ የጋራ ኩባያውም ይቅር። ሕፃናትና እርጉዞች ራቅ ይበሉ። ርቀት በጣም ይጠቅማል፤ ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ፈቀቅ ያለ ሰው የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። እናትሽ እንዳይከፋቸው ቀድማችሁ አስረዷቸው። መገለል መስሎ ከተሰማቸው ከመድኃኒቱ በላይ ያማቸዋል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባሕር ዳር የራጅ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ደረቴ ላይ የምለጥፈው፣ የሚደርስብኝን ጨረር የሚመዘግበው ባጅ ተነቦ 0.2 ሚሊሲቨርት የሚል ሪፖርት መጣልኝ። ያለኝ የድሮ መጽሐፍ ግን ሁሉን በሬም ነው የሚያወራው። እንዴት ላስተያየው?

መልስ፦ ያንተ ጥያቄ ይቀላል ወንድሜ፣ ምክንያቱም ሲቨርትና ሬም የሚለኩት አንድ ነገር ነው። ልክ እንደ ኩንታልና ኪሎ ናቸው፤ 1 ሲቨርት 100 ሬም ነው። ግሬይና የድሮ አቻው ራድም እንደዚሁ፣ 1 ግሬይ 100 ራድ ነው። ያንተ 0.2 ሚሊሲቨርት እንግዲህ 20 ሚሊሬም ይሆናል። መጽሐፍህ ላይ 5 ሬም የሚል ካገኘህ 50 ሚሊሲቨርት ብለህ አንብበው። ለማነጻጸር ያህል፣ ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት የሚያገኘው በዓለም አማካይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ለጨረር ሠራተኛ ዓለም አቀፉ ምክር በ5 ዓመት አማካይ ሲሰላ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት እንዳያልፍ ነው። ሪፖርቱ የስንት ወር እንደሆነ ግን አረጋግጥ። የ3 ወር ከሆነ፣ ሥራህ በዚሁ ከቀጠለ በዓመት 0.8 ሚሊሲቨርት ይደርሳል፤ የአንድ ወር ከሆነ ደግሞ 2.4።