ስለ ኤም ኤስ ጠይቁኝ፦ ሁሉም የነርቭ ሽፋን በሽታ አንድ አይደለም

የነርቭ ሐኪም ነኝ። ስለ መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ) የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እህቴ ኤም ኤስ አለብሽ ተባለች። ምንድን ነው?

ነርቮቻችን ማይሊን በሚባል ቅባታማ ሽፋን ተጠቅልለዋል፤ መልእክት ፈጥኖ የሚያልፈው በሱ ነው። በኤም ኤስ የሰውነት በሽታ ተከላካይ የአንጎልን፣ የሕብለ ሰረሰርንና የዓይን ነርቭን ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ የተላጠበት ቦታ ይጠነክርና ጠባሳ ይሆናል፤ የበሽታው ስምም ከዚያ የመጣ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ሴቶችን ይበልጥ ይይዛል።

ጥያቄ፦ አንድ ዓይኔ ለሁለት ሳምንት ጭጋግ ሆኖብኝ፣ ሳዞረውም እያመመኝ ቆይቶ ተሻለኝ። ልተወው?

አትተወው ወንድሜ። ይህ የዓይን ነርቭ መቆጣት ሊሆን ይችላል። በራሱ መሻሉ አያዘናጋህ፤ ኤም ኤስም እንዲሁ ይመጣል፣ ይበርዳል፣ ያገረሻል። ኤም አር አይ ተነሣ።

ጥያቄ፦ ይተላለፋል? ዕቃ እንለይ?

በፍጹም አይተላለፍም! እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ ያየ ጥናት ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ ከያዘ በኋላ በኤም ኤስ የመታመም ዕድል 32 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ነገር ግን ቫይረሱ አብዛኛው አዋቂ ሰው ውስጥ አለ፤ የሚታመመው ጥቂቱ ነው። ከታማሚ ጋር መብላት ምንም አያመጣም።

ጥያቄ፦ እናቴን ፍልውኃ ልውሰዳት?

ተጠንቀቂ። ሰውነት ሲሞቅ የተጎዳ ነርቭ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል። እግር ይዝላል፣ ዓይን ይደበዝዛል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ገንዳው ውስጥ ከወደቀች ግን አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ ኤም ኤስ ነው ተብዬ ኢንተርፌሮን የሚባል መድኃኒት ጀመርኩ፤ ባሰብኝ። ለምን?

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የአንተ ጥያቄ ነው። ኤን ኤም ኦ (ኒውሮማይላይቲስ ኦፕቲካ) የሚባል ኤም ኤስን የሚመስል ሌላ በሽታ አለ። ጥቁሮችን ከነጮች ይበልጥ ስለሚይዝ እኛ ልንዘነጋው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳይንቲስቶች ለይተው የሚያውቁበት መንገድ አገኙ፤ በብዙዎቹ ታማሚዎች ደም ውስጥ አኳፖሪን 4 የተባለውን ፕሮቲን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል አለ።

ጠባዩ ይለያል። ሁለቱንም ዓይን ሊይዝ ይችላል፤ የሕብለ ሰረሰሩ ቁስል ሦስትና ከዚያ በላይ አከርካሪ ያህል ይረዝማል፤ አንዳንዴም ማቆሚያ በሌለው ስቅታና ትውከት ይጀምራል። ለስቅታዋ ሳምንታት ሙሉ የጨጓራ መድኃኒት ስትወስድ የከረመች ሴት አይቻለሁ፤ እግሯ እስኪከዳት ማንም ነርቭ ነው ብሎ አልጠረጠረም። በኤን ኤም ኦ አንድ ጥቃት ብቻ ዓይን ሊያሳውር ስለሚችል በስቴሮይድ፣ ካስፈለገም ፕላዝማ (የደምን ፈሳሽ ክፍል) በማጣራት ቶሎ መታከም አለበት። ለኤም ኤስ የሚሰጡት ኢንተርፌሮን፣ ፊንጎሊሞድና ናታሊዙማብ ደግሞ ኤን ኤም ኦን ሊያባብሱ ይችላሉ። ስለዚህ ሳትውል ሳታድር ሐኪምህን አግኝ፤ የአኳፖሪን 4 ምርመራ ተሠርቶልህ እንደሆነም ጠይቅ።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ አቅማችንን ይበልጣል።

እውነት ነው። ብዙ ሐኪሞች ከሌሎቹ ይልቅ ርካሽ የሆነውን ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ለሁለቱም በሽታዎች ይጠቀሙበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ሪቱክሲማብን ለኤም ኤስ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሐኪማችሁን ስለሱ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ማርገዝ እችላለሁ?

ትችያለሽ። ኤም ኤስ በእርግዝና፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ጋብ ይላል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ግን ማገርሸቱ ይጨምራል። አንዳንዱ መድኃኒት ጽንስ ስለሚጎዳ ከማርገዝሽ በፊት ከሐኪምሽ ጋር ተማከሪ።

ጥያቄ፦ ጠበል ልገባ ነው። መድኃኒቱን ላቁም?

እህቴ፣ ጠበልሽን ተጠመቂ፣ መድኃኒትሽንም ዋጪ። እንደ ፊንጎሊሞድ ያለው በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ስንት ቀን እንደምትቆዪ አስቢና ክኒኑን ቆጥረሽ ያዢ፤ ሁለት ሦስት ቀን ትርፍ ጨምሪበት።