ለዝናብ ቀን ሌላ መንገድ ይኑራችሁ

ውድ ልጆቼ፣

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ ወሬው ብዙውን ጊዜ ስለ ድርቅና ስለ ሰብል ነው። ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ከሜክሲኮ ጀሞ ለመግባት የሚፈጀው ሰዓትም ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ የሚያስብ ጥቂት ነው። በመንገድና በትራንስፖርት ሥራ ለሸበትን ሰዎች ግን ነገሩ ፌርማታው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየናል።

ሳይንሱን በአጭሩ ልበለው። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን መያዝ ይችላል። የአገራችን አማካይ ሙቀት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ይህ የዓመቱ ዝናብ በጠቅላላ ይበዛል ማለት አይደለም፤ ሲመጣ ባንድ ጊዜ የመዘርገፍ ዕድሉ ይጨምራል እንጂ። አንድን ዶፍ ለብቻው ይዞ በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብም አይገባም። አስፋልቱ፣ ቆርቆሮው፣ በፌስታልና በሃይላንድ የታፈነው ቱቦ ድርሻ ድርሻ አላቸው።

ዝናብ ሲጥል ታክሲ የት ይገባል? «ሾፌሮቹ ተደብቀው ነው» ትላላችሁ። መስመር የሚቆርጥ እንዳለ አልክድም፤ ዋናው ምክንያት ግን ምልልሱ ነው። አንድ መስመር ላይ 10 ሚኒባሶች አሉ እንበል። እያንዳንዱ 12 ሰው ይጭናል፣ ደርሶ መልሱ 60 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከመነሻው በሰዓት 120 ሰው ያነሣሉ ማለት ነው። ዝናቡ ደርሶ መልሱን 100 ደቂቃ ካደረሰው እነዚያው 10 መኪኖች የሚያነሡት 72 ሰው ብቻ ይሆናል። አንድም ታክሲ ሳይጎድል በሰዓት 48 ሰው ሰልፍ ላይ ቀረ። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከግማሽ በላይ ጉዞዋ በእግር ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግሩ ይገባ የነበረው ሁሉ ዶፉን ሲያይ ሰልፉን ይቀላቀላል።

እንግዲህ ዝናቡ ማባራቱን አይታችሁ እየሮጣችሁ አትውጡ፤ ሰልፉ የሚቃለለው መኪኖቹ አንድ ዙር ጨርሰው ሲመለሱ ነው። ሥራ ካላችሁ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እዚያው ቆዩ። መቆየት ካልተቻለ መንገዱን የዘጋውን ቦታ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አደባባይ ወይም መስቀለኛ ነው። እሱን በእግር አልፋችሁ ከወዲያ ማዶ ያዙ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር የራሱ ሐዲድ ስላለው የመኪና መጨናነቅ አይነካውም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ይቆማልና ሙሉ ለሙሉ አትመኩበት። በክረምት የአዲስ አበባ ዝናብ በአመዛኙ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ የባንክና የወረዳ ጉዳያችሁን ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ብትጨርሱ ይሻላል።

ስለ ጎርፍ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ቁልቁል የምትወርድ ናት። ቦሌ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ እንጦጦ ላይ የጣለው ዝናብ ቀበናንና ግንፍሌን ሞልቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ወንዝ ዳር ካለ መንገድ ከመግባታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ሰሜኑን እዩ፤ እዚያ ከጠቆረ የታችኛው ሰማይ ጥራት አያታላችሁ። እየፈሰሰ ያለ ጎርፍ 15 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያነሣል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ትልልቆቹንም ይወስዳል። ደፍርሶ ስለሚመጣ ጥልቀቱን በዓይን መገመት አይቻልም።

ለእግረኛ ከሁሉ የከፋው ክዳኑ የተነሣ ማንሆል ነው። ውሃው እየዞረ ወደ ታች የሚሰረጉድበት ቦታ ካያችሁ ከሥሩ ቀዳዳ አለ፤ ውሃው እንደሚፈላ ድስት ወደ ላይ የሚገነፍልበትም ቦታ እንዲሁ፣ ቱቦው ሞልቶ ክዳኑን ገፍቶታል። ከሁለቱም ራቁ። የቦይ ክዳን ከተደረደረበት ጠርዝ አትሂዱ፤ ግድ ከሆነ በጃንጥላችሁ ጫፍ ፊት ፊታችሁን እየነካካችሁ እለፉ። መብረቅ ካለ ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ ከ30 ሰከንድ በፊት ከተሰማ በጣም ቀርቧልና ቤት ውስጥ ግቡ።

መኪና የያዛችሁ ደግሞ ጎማችሁን እዩ። ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያንስ እርጥብ መንገድ ላይ የመያዝ አቅሙ በግልጽ ይወርዳል፤ 1.6 ላይ እስኪደርስ መጠበቅ ለበጋ ካልሆነ ለክረምት አይበጅም። ከበጋ በኋላ የምትጥለው የመጀመሪያዋ ካፊያ ከዶፉ ይልቅ ታንሸራትታለች፤ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበማ። ከፊታችሁ ካለው መኪና የምትተዉት ርቀት በደረቅ 2 ሰከንድ ከሆነ በእርጥብ 4 አድርጉት።

ውሃ ውስጥ ገብቶ ሞተር ከጠፋባችሁ ደግማችሁ አታስነሡ። በአየር ፊልትሮው በኩል የገባው ውሃ እንደ አየር አይታመቅምና ፒስተኑ ሲገፋው የሚታጠፈው ፒስተኑን የያዘው ብረት፣ ቢየላው ነው፤ በመጎተት ያልቅ የነበረው ወጪ ሞተር ወደ ማውረድ ይሄዳል። ከውሃ ስትወጡ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ረግጣችሁ አድርቁት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችሁ የምትነዱት የኤሌክትሪክ ይሆናል። እሱ አየር ስቦ ስለማይሠራ ጎርፍን ይደፍራል የሚባለውን አትስሙ። እንደ ማንኛውም መኪና ይንሳፈፋል፤ ባትሪው ውሃ ውስጥ ከዋለ ባለሙያ ሳያየው ቻርጅ አይደረግም፤ ከቀናት በኋላም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። መኪና መግዛቱ ራሱ ለዝናብ ቀን መፍትሔ ይመስላችኋል፤ የሁላችሁም መኪና ተደማምሮ ያን 60 ደቂቃ ምልልስ 100 የሚያደርገው መሆኑን ግን አትርሱ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የጉዞአችሁን ነገር የሚወስነው የምትከራዩት ቤት ነው። ኪራዩን ብቻ አትዩ። በሁለት ታክሲ ከሚያስገባ ርካሽ ቤት ይልቅ፣ ሥራ ቦታ በእግር ወይም ባንድ ታክሲ የሚያደርስ ትንሽ ወደድ ያለ ቤት ብዙ ጊዜ ያዋጣል። የታክሲውን ሒሳብ ስትሠሩ በዝናብ ቀን ራይድ የምትጠሩበትንም ጨምሩ። ከተቻለ ውል ከመፈረማችሁ በፊት በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ከፌርማታው እስከ በሩ በእግር ሂዱበት። በጋ ላይ ከሆነ የግንብ አጥር ላይ የቀረ የጭቃ መስመር ፈልጉ፤ የጎረቤቱ ደጃፍ በሲሚንቶ ከፍ ተደርጎ ከተሠራ ወይም የአሸዋ ጆንያ ከተደረደረበት ውሃው እንደሚገባ በዚያ እወቁ። ደላላውን አትጠይቁ፤ ጥጉ ላይ ያለውን ባለሱቅ ክረምት ላይ ዕቃውን ከስንተኛው መደርደሪያ በላይ እንደሚያስቀምጥ ጠይቁት።